«አጸዳ» እና «እያጸዳ ነው»

ዛሬ ዛሬ ሥራ የማያገናኘው ሰው የለም። አገሩም ቋንቋውም ከእኛ ከተለየ ሰው ጋር አብረን እንውላለን፤ መሃል ቤት የሚያስታርቀን እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ግሱ ቢጣመምም፣ ያለፈው ጊዜ ካሁኑ ጊዜ ቢደባለቅም፣ «ዋናው መግባባት ነው» ብለን እናልፋለን። ይህችን አባባል በኪሱ ይዞ ይዞር የነበረ አንድ ሰው ምን እንደ ደረሰበት ልንገራችሁ።

ሰውዬው በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ጠዋት ከተከፈተ ማታ እስኪተኛ አይዘጋምና። እንግሊዝኛውም እንደ አማርኛው ይንቆረቆራል። ፋብሪካው አዳዲስ ማሽኖች አስገብቶ እነሱን የሚተክል የውጭ አገር ኢንጂነር ሲመጣ፣ ሌላው ሰው ቋንቋውን ፈርቶ በየጥጉ ሲሸሸግ፣ እጁን ዘርግቶ «ዌልካም!» ያለው ሬዲዮ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኢንጂነሩና በሠራተኛው መካከል ድልድይ ሆኖ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር «እስቲ ሬዲዮን ጥሩልኝ» ማለት አበዛ። ሬዲዮም ደረቱ ሰፋ።

ሚስቱ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። እሷ በዚያ ቋንቋ ስትናገር ዝግ ትላለች። ግሱ ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ በልኳ ጫማ እንደምትፈልግ ሰው አንዱን አንስታ፣ አይታ፣ መልሳ፣ ሌላውን ታነሳለች። ባሏ በዚህ ይስቃል።

«አንቺ አንዷን ዓረፍተ ነገር እስክትጨርሺ እኔ ከሰውዬው ጋር ተዋውቄ፣ ተጫውቼ፣ ተሰናብቼ ቤቴ ገብቻለሁ» ይላታል።

አንድ ምሽት እሷ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም፣ ሬዲዮ ገና ከበር እየሳቀ ገባ። የሚስቱ ታናሽ ወንድምም እራት እየበላ ነበር። ይህ ልጅ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የታንከር አጽጂ ነው፤ የሚኖረውም ከእነሱ ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ በሳሙና ዝቃጭ ተለውሶ ውሎ፣ ከሥራ ሲወጣ ግን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ስለሚሄድ ሠራተኛው «ሙሽራው» ነበር የሚለው።

«ያ ኢንጂነር ዛሬ በሳቅ ሊገድለኝ!» አለ ሬዲዮ ጫማውን እያወለቀ። «እዚህ ፋብሪካ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ብዬ ብነግረው፣ ‹ታዲያ አሁን የት ነው የምትሠራው?› አይለኝ መሰላችሁ!»

ሚስቱ ከወረቀቱ ቀና አለች። «ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«‹አይ ወርክድ ሂር ናይን ይርስ።›»

«እንዲያ ካልከውማ ሰውዬው ምን አጠፋ? ‹ወርክድ› ስትለው ሠርተህ፣ ጨርሰህ፣ የለቀቅህ ነው የመሰለው። አሁንም እዚያው ያለህ ሰው ‹አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ› ነው የምትለው። ነገሩ አላለቀማ!»

«ተግባባን እኮ! ስቀን አለፍነው።»

«ፊት ለፊት ስለነበራችሁ ነዋ። ግራ ገባው፣ ጠየቀህ፣ አስረዳኸው። ባይጠይቅህስ?»

«እናንተ አስተማሪዎች ይህን ‹ቴንስ› የምትሉትን የፈጠራችሁት ልጅ ለመጣል ነው» አለ ሬዲዮ። «እንጀራ የሚበላበት እንግሊዝኛና ፈተና የሚታረምበት እንግሊዝኛ ለየቅል ነው፣ የኔ እመቤት።»

ሙሽራው ጉርሻውን ውጦ ጣልቃ ገባ። «ተይው እታለም። ሬዲዮ ያስተላልፋል እንጂ መች ይሰማል?»

ሦስቱም ሳቁ። መምህርቷም ወደ ፈተናዋ ተመለሰች። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

አሁን ስለ ፋብሪካው ትንሽ ልንገራችሁ። ሳሙናው የሚደባለቀው ከሰው ቁመት በላይ በሆኑ ታላላቅ ታንከሮች ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ታንከር ውስጥ የብረት ክንፎች ያሉት ማማሰያ አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ እየዞረ ያማስላል። ግድግዳው ላይ የሚደርቀውን ሳሙና ግን ሰው በላይ በኩል ባለው በር በመሰላል ወርዶ በእጁ መፋቅ አለበት። ሰው ውስጥ በገባ ጊዜ ማንም ሞተሩን እንዳያስነሳ ማብሪያው ላይ የሚንጠለጠል መቆለፊያ ቁልፍ መኖር ነበረበት። ቁልፎቹ ታዘዋል፣ ይመጣሉ ይባላል፤ አልመጡም። እስከዚያው የሰው ነፍስ የተንጠለጠለው በቃል ላይ ነበር። ፈቃጁ ሬዲዮ፣ አስነሺው ኢንጂነሩ፣ በመካከላቸው ደግሞ በእጅ የሚያዝ የመነጋገሪያ መሣሪያ።

አንድ ቀን ፋብሪካው ከማለዳው ጀምሮ ተወጥሮ ነበር። ለአንድ ትልቅ ደንበኛ የሚላክ ሳሙና ዘግይቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩን ይመላለስበታል። ቁጥር ሁለት ታንከር ካልጸዳ ሥራው አይንቀሳቀስም። ሙሽራውን ያስገባው ሬዲዮ ራሱ ነው።

«ቶሎ በልልኝ እንጂ! ሰውዬው እየተቁነጠነጠ ነው» አለው በበሩ አጎንብሶ።

«ከቸኮልክ ውረድና አግዘኝ፣ ጋሼ!» የሚል ድምፅ ከታች አስተጋባ። የመፋቂያው ኳኳታም ቀጠለ።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ሬዲዮ በስተጀርባ ባለው መጋዘን ጥሬ ዕቃ ያስራግፍ ነበር። የጭነት መኪናው ወደ ኋላ ሲመጣ ሞተሩ ያጓራል፣ አውራጆቹ ይጯጯሃሉ። በዚህ መሃል ወገቡ ላይ ያለው መነጋገሪያ ተንጫጫ። ኢንጂነሩ ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ ቁጥር ሁለት ታንከር እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል።

ሬዲዮ አንድ ዓይኑን ከመኪናው ሳይነቅል፣ እንደ ወትሮው ሳያመነታ መለሰ፦

«ሂ ክሊንድ ዘ ታንክ ሲንስ ሞርኒንግ!»

በእሱ ልብ ያለው «ከጠዋት ጀምሮ እያጸዳ ነው» የሚል ነበር።

«ጉድ! ቬሪ ጉድ!» አለ ኢንጂነሩ። መነጋገሪያውም ጸጥ አለ።

በእንግሊዝኛ ጥሩ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ያን ቀን ትክክል የነበረው የእኛው ፍቺ ነው።

ሬዲዮ መነጋገሪያውን ወደ ወገቡ መለሰ። ጥቂት እንደቆየ ግን ቆም አለ። ኢንጂነሩ ለምንድን ነው እንዲያ ደስ ያለው? ሥራው ገና እየተሠራ ነው የተባለ ሰው፣ ያውም እንዲህ በተቸኮለበት ቀን፣ «መቼ ያልቃል?» ይላል እንጂ «በጣም ጥሩ» ይላል እንዴ? «ኧረ ተወው፣ ጠባዩ ነው» አለ ለራሱ። አንድ ከረጢት ቆጠረ። ሁለተኛውን ሊቆጥር ሲል የቱ ጋ እንደነበረ ጠፋበት። የራሱ ቃል በጆሮው ተመላለሰ። ክሊንድ። ክሊንድ። የሚስቱ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው መጣበት፦ ሠርተህ፣ ጨርሰህ፣ የለቀቅህ።

መነጋገሪያውን መዥረጥ አድርጎ አወጣ። ገና አፉን ሳይከፍት ከማምረቻው አዳራሽ ደወል ሰማ። ማሽን ሊነሳ ሲል የሚጮኸው ደወል።

ሮጠ። የወደቀ ከረጢት ዘሎ፣ አንዱን አውራጅ በደረቱ ገፍትሮ ሮጠ። «ስቶፕ! ስቶፕ! ሰው አለ! ሰው አለበት!» እያለ መነጋገሪያው ላይ ይጮሃል። ድንጋጤው የመናገሪያውን ቁልፍ መጫን አስረስቶታል፤ ድምፁን ከራሱ በቀር የሰማው አልነበረም። አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ የሞተሩን ማጓራት፣ ከማጓራቱ በላይ ደግሞ አንድ ጩኸት ሰማ።

ማሽኑን ያስቆሙት በአጠገቡ የሚያልፉ አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሴት ነበሩ። ጩኸቱን ሲሰሙ የያዙትን ካርቶን ወርውረው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ በሁለት እጃቸው መቱት። ክንፉ ብዙ አልዞረም። ግን የሙሽራውን ቀኝ እግር ከግድግዳው ጋር ለማጣበቅ የሚበቃውን ያህል ዞሮ ነበር።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅምና ነጭ ነው። ሬዲዮ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ትይዩ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል፤ ነርስ ናት፤ ይቀመጣል። አሁንም ይከፈታል፤ ባዶ አልጋ የሚገፋ ሰው ነው፤ ይቀመጣል። የሚያወራው ጠፍቶበታል። ኢንጂነሩም ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ሁለቱ አይተያዩም።

መምህርቷ የደረሰችው ከክፍል በቀጥታ ነው፤ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ ነበር።

«ወንድሜ የታለ? ነፍሱ አለ?»

«አለ። ውስጥ ነው። እግሩ ነው የተጎዳው።»

«እንዴት ሰው እያለበት አስነሱት?»

ሬዲዮ ዓይኑን መሬት ተከለ። «የነገርኩት እኔ ነኝ። የገባው ግን ሌላ ነው።»

«ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

ነገራት። እዚያች ኮሪደር ውስጥ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ደገመላት። ሬዲዮ «አልነገርኩህም ነበር?» እንድትለው ጠበቀ። ብትለው፣ ብትሰድበው፣ በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ ቀረብ አለ። ለእሱም እንግሊዝኛ የእናቱ ቋንቋ አይደለም፤ እንደ እነሱው ተምሮ ያገኘው ነው። ቃላቱን እየለቀመ ተናገረ።

«‹ክሊንድ› ስትለኝ ጨረሰ ማለትህ መሰለኝ። ‹ሲንስ ሞርኒንግ› ያልከውን በመኪናው ጩኸት መሃል ‹ዚስ ሞርኒንግ› ብዬ ሰማሁት። ዛሬ ጠዋት አጽድቶ ወጥቷል ብዬ ደስ አለኝ። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ‹አሁን ውስጥ ሰው አለ ወይ?› ብዬ አንዲት ጥያቄ…» ሊጨርሰው አልቻለም።

ሐኪሙ ሲወጣ ባልና ሚስቱ ተነሱ።

«ሕይወቱ ተርፏል» አለ። ከዚያም መምህርቷን አየና፣ «እግሩን ግን ማትረፍ አልቻልንም። ከጉልበቱ በታች ቆርጠነዋል» አለ።

መምህርቷ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሬዲዮ በቆመበት ቀረ።

ሙሽራው መናገር የቻለ ዕለት ሬዲዮ ብቻውን ሊጠይቀው ገባ። ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ያዘጋጀውን የይቅርታ ንግግር ጀመረ፤ እንግሊዝኛው እንዲህ ነው፣ ጫጫታው እንዲያ ነው፣ ቁልፎቹ በጊዜ ቢመጡ ኖሮ… ሙሽራው ከብርድ ልብሱ በታች የጎደለውን ቦታ እያየ አዳመጠው። ከዚያ እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ይበቃል። እኔ ቂም አልያዝኩብህም። ያሳደግከኝ ሰው ነህ። ቁልፉም መምጣት ነበረበት፣ እሱም መጠየቅ ነበረበት፤ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእኔ ምትክ ሌላ ልጅ ይቀጥራሉ አይደል?»

«ይቀጥራሉ።»

«እሱ ውስጥ ሆኖ ሰውዬው ሲጠራህ፣ ምን ትለዋለህ?»

ሬዲዮ አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ የሚንቆረቆር እንግሊዝኛ የት እንደገባ እንጃ። «ሂ…» አለና ግሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እርግጠኛ የሆነበት አንድም ቃል አጣ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራው። የፈራውም የደረሰውን ጥፋት ሳይሆን ነገ ሊደርስ የሚችለውን ነው።

ቤት ሲመለስ ሚስቱን ማድ ቤት ቆማ አገኛት። ከአደጋው ወዲህ የሚነጋገሩት ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ፣

«አስተምሪኝ» አላት።

ዞር ብላ አየችው። «ምኑን?»

«ያልጨረሰ ሰው እንዴት እንደሚባል።»

እጇን አድርቃ ወንበር ሳበችለት።

«በመጀመሪያ በአማርኛ ንገረኝ» አለችው። «ወንድሜ ታንከሩ ውስጥ ሆኖ እየፋቀ እያለ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅህ ምን ትለው ነበር?»

«እያጸዳ ነው።»

«‹አጸዳ› ትለዋለህ?»

«ኧረ! እንዴት እላለሁ? ውስጥ አይደል እንዴ!»

«አየህ፣ ታውቀዋለህ» አለችው። እንባዋ በዚህ ጊዜ ነው የመጣው። «‹አጸዳ›ና ‹እያጸዳ ነው› የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ ሕፃን ልጅም ያውቃል። በገዛ ቋንቋችን አንሳሳትም። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ያን ጥንቃቄያችንን አውልቀን በር ላይ እንተወዋለን፤ እነሱም እንደኛው ‹አልቋል› እና ‹አላለቀም› የሚሉበት መንገድ እንዳላቸው እንረሳለን። ስለዚህ ግሱ ጋ ስትደርስ ቁም። ራስህን ጠይቅ፦ ይህ ነገር አልቋል ወይስ አሁንም አለ? ካለቀ ‹ክሊንድ› በል። አሁን እየሆነ ከሆነ ‹ሂ ኢዝ ክሊኒንግ›። ቀደም ብሎ ጀምሮ እስካሁን ካልቆመ ደግሞ ‹ሂ ሃዝ ቢን ክሊኒንግ ሲንስ ሞርኒንግ›።»

«ሂ ሃዝ ቢን…» አለ ሬዲዮ። ምላሱ ከበደው። «ሂ ሃዝ ቢን ክሊኒንግ።»

«እንደገና።»

«እንዲህ ስናገር ዘገምተኛ እመስላለሁ።»

«ምሰል» አለችው።

ፋብሪካው ብዙ ነገር ለወጠ። ቁልፎቹ፣ ስንት ጊዜ ይመጣሉ የተባሉት፣ ከአደጋው በኋላ በሳምንቱ መጡ። ታንከር ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ማብሪያውን ራሱ ቆልፎ መክፈቻውን ይዞ ይገባል። ኢንጂነሩም በመነጋገሪያው የሰማውን ሁሉ ለተናጋሪው መልሶ ይደግምለታል፤ «ስለዚህ ሰውዬው አሁን ውስጥ ነው፣ ትክክል?» ይላል፤ «አዎ» ሳይባል እጁን ከጉልበቱ አያነሳም። ሬዲዮ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ከኢንጂነሩ ጋር የሚነጋገር ሠራተኛ ሁሉ እንግሊዝኛ እንዲማር፣ አስተማሪዋም ሚስቱ እንድትሆን። ተፈቀደ።

የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠው በሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ነው። ማሽነኞች፣ ሹፌሮች፣ እኚያ ቀዩን ቁልፍ የመቱት ሴትዮም ሳይቀሩ ተኮልኩለዋል። ሬዲዮ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ኃላፊ እንደመሆኑ እሱ ምን ይማራል ብለው የሚንሾካሾኩ ነበሩ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አልቆ የተቋጨውን ነገርና ገና የቀጠለውን ነገር ለየብቻ ጻፈች። ቀስ ብላ አስረዳች። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞረች።

«እስቲ ተጀምሮ ስላላለቀ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረኝ?»

የሚሳሳት መስሎት ሁሉም አቀረቀረ።

ሬዲዮ ተነሳ። እንደ ድሮው አልተንቆረቆረም። መጀመሪያ በልቡ አሰበው፤ ግሱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ቃሉን አነሳ፣ አየው፣ እሱ መሆኑን አረጋገጠ።

«ማይ ዋይፍስ ብራዘር» አለ፣ «ሃዝ ቢን ለርኒንግ ቱ ዎክ።»

የሚስቴ ወንድም መራመድ እየተማረ ነው፤ ጀምሯል፣ ገና አልጨረሰም፤ ማለቱ ነው።

ያልገባቸው ነበሩ፤ የገባቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። መምህርቷ «ትክክል ነው» አላለችም። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ፣ ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ፣ በትልቁ ጻፈችው። ጽፋ ከጨረሰች በኋላም ወደ ሰዉ ለመዞር ጥቂት ቆየች።

ወገኖቼ፣ በሰው ቋንቋ ፈጥኖ መናገር ነውር አይደለም፤ ቀስ ብሎ መናገርም እንዲሁ። ነውሩ የሚሠራውን ሰው «ሠራ»፣ የታመመውን «ታሞ ነበር»፣ ውስጥ ያለውን «ወጣ» በሚያስመስል ቃል ተናግሮ፣ «ዋናው መግባባት ነው» ብሎ መሄድ ነው። የሚሰማን ሰው ልባችንን አያይም፤ የሚያየው ግሳችንን ነው። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆም ብለን፣ ነገሩ አልቋል ወይስ አሁንም አለ ብለን እንጠይቅ። ከዚያች ትንፋሽ ወዲያ ማዶ ሰው ይኖራል።